እናት አባትን በቨርጂኒያ ለሚጦሩ፦ ክፍያና እፎይታ የሚገኝበት መንገድ ደረጃ በደረጃ

በአሌክሳንድሪያ፣ በፎልስ ቸርችና በስፕሪንግፊልድ በብዙ የሐበሻ ቤት ሳይከፈለው ሌላ ሙሉ ሥራ የሚሠራ ሰው አለ። አብዛኛውን ጊዜ ሴት ልጅ ናት። ቀን ሆቴል ወይም ሆስፒታል ትውላለች። ማታ እናቷን ታጥባለች፣ ታለብሳለች፣ መድኃኒት ትሰጣለች። ሌሊት ሁለት ሦስቴ ትነሳለች። ወንድሞቿ ቅዳሜ መጥተው "አይዞሽ" ብለው ይሄዳሉ።

ወላጅን መጦር ምርቃት ነው፤ በዚህ አልከራከርም። ግን ወገብ ይጎዳል፣ የሥራ ሰዓት ያስቀንሳል፣ ትዳርም ያናውጣል። ለዚህ ተብሎ የተመደበ ገንዘብና የእፎይታ ሰዓት አለ። ብዙ ቤተሰብ ሳያገኘው የሚቀረው ስለማይገባው አይደለም። ሊገመግም የመጣው ሰው የቤቱን እውነት ሳያይ ስለሚወጣ ነው። ስለዚህ ከታች ካሉት ሁሉ አራተኛውን ደረጃ ደግመው ያንብቡት።

የምጽፈው ስለ ቨርጂኒያ ነው። ሜዲኬይድን፣ ማለትም ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ሰዎች የተዘጋጀውን የመንግሥት የጤና መድን፣ እያንዳንዱ ስቴት በራሱ ደንብ ያስተዳድረዋልና። ሜሪላንድና ዲሲም የየራሳቸው ፕሮግራም አላቸው፤ የነገሩ ቅደም ተከተል ግን ይቀራረባል።

ደረጃ 1፦ ሜዲኬርንና ሜዲኬይድን ይለዩ

"እናቴ ሜዲኬር አላት፤ ሆም ኬር ግን አይሰጧትም" የሚል ቅሬታ በየቡናው ላይ ይሰማል። ሜዲኬር፣ በዋናነት የአረጋውያን የሆነው የፌዴራል የጤና መድን፣ ከሆስፒታል በኋላ ለአጭር ጊዜ ነርስ ወይም ፊዚዮቴራፒስት ቤት ድረስ ይልካል። በየቀኑ ለሚያጥብ፣ ለሚያለብስና ለሚያበላ ሰው ግን ለረጅም ጊዜ አይከፍልም። ያንን የሚከፍለው ሜዲኬይድ ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ መንገዱ ሲሲሲ ፕላስ ዌቨር ይባላል። ነርሲንግ ሆም ሊያስገባ የሚችል ችግር ያለበት ሰው ቤቱ ሆኖ እንዲረዳ የተዘጋጀ ነው። ልጅ፣ ወንድም፣ የወንድም ሚስት ወይም የአክስት ልጅ ተቀጥረው ሊከፈላቸው የሚችለውም በዚሁ በኩል ነው።

ደረጃ 2፦ የኢሚግሬሽን ሁኔታውን ያጣሩ

ወላጅዎ የአሜሪካ ዜጋ ከሆኑ ይህን አልፈው ወደ ሦስተኛው ይሂዱ።

ልጅ ስፖንሰር አድርጎ ያመጣው ወላጅ ሙሉ ሜዲኬይድ ለማግኘት በመደበኛው ህግ ግሪን ካርድ ከያዘ 5 ዓመት መሙላት አለበት። ቀኑ የሚቆጠረው ካርዱ ላይ ከተጻፈው የነዋሪነት ቀን ነው። ቨርጂኒያ ቀድሞ ከ5 ዓመቱ በላይ የ10 ዓመት የሥራ ታሪክ ትጠይቅ ነበር። ያ ቅድመ ሁኔታ ከኤፕሪል 2021 ጀምሮ ተነስቷል። ከዚያ በፊት "አይፈቀድም" ተብለው የተመለሱና ዛሬም እንደዚያው መስሏቸው የተቀመጡ ቤተሰቦች አሉ። እርስዎም ከነዚህ አንዱ ከሆኑ እንደገና ያመልክቱ።

አፊዳቪት፣ ማለትም ወላጁን እደግፋለሁ የሚለውን ቃል፣ የፈረመው ስፖንሰር ገቢ እንደ ወላጅ ገቢ ሊቆጠር የሚችልበት ሁኔታም አለ። ወላጅ ዜግነት ሲያገኝ ይህ ያበቃል። ስለዚህ ዜግነትን አያዘግዩ። ለአረጋውያን ከባዱ የእንግሊዝኛው ፈተና ነው። ዕድሜያቸው 55 ሞልቶ 15 ዓመት በግሪን ካርድ የኖሩ፣ ወይም 50 ሞልቶ 20 ዓመት የኖሩ፣ የታሪክና የመንግሥት ጥያቄውን በአማርኛ መመለስ ይችላሉ። የመርሳት በሽታ ወይም ሌላ መማርን የሚከለክል ሕመም ካለ ደግሞ ሐኪም ኤን 648 የሚባለውን ቅጽ ሞልቶ ከፈተናው ነጻ ሊያደርጋቸው ይችላል። ዜግነት ሲገኝ ኤስ ኤስ አይ የሚባለውን የወር ድጎማ የማግኘት ዕድልም ይከፈታል።

ጥገኝነት አግኝተው ወይም በስደተኝነት ገብተው ግሪን ካርድ ያላወጡ ወላጆች ካሉ ይቸኩሉ። በ2025 የወጣው የፌዴራል ህግ ከኦክቶበር 1 ቀን 2026 ጀምሮ የእነሱን የሜዲኬይድ መብት በእጅጉ ያጠባል።

አንድ ነገር ልጨምር። ክረምቱን አዲስ አበባ አሳልፈው የሚመለሱ ወላጆች ብዙ ናቸው። ኤስ ኤስ አይ ከአገር ውጭ 30 ተከታታይ ቀን ከቆዩ ይቋረጣል። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ከ180 ቀን በላይ ከቆየ ደግሞ ሲመለስ ከባድ ጥያቄ ሊገጥመው ይችላል። ትኬት ከመቁረጥዎ በፊት ኬዝ ወርከሩን ይጠይቁ።

ደረጃ 3፦ ወረቀቱን ይሰብስቡ፤ የአገር ቤቱን ንብረትም ይንገሩ

በ2026 ለዌቨሩ የሚፈቀደው ገቢ በወር 2,982 ዶላር አካባቢ ነው። ባንክ ያለ ገንዘብና ሌላ የሚቆጠር ንብረት ደግሞ ከ2,000 ዶላር መብለጥ የለበትም። የሚቆጠረው የታማሚው ገቢ ነው። "እኔና ባለቤቴ ሁለታችንም ስለምንሠራ አይሰጡንም" ብሎ መተው ስህተት ነው። ወላጅ ከልጁ ጋር አንድ ቤት ስለኖረ ብቻ የልጁ ደሞዝ የእሱ ገቢ አይሆንም። ከላይ ያነሳሁት የስፖንሰርነት ጉዳይ ግን ለብቻው ይታያል። የወላጅ ገቢ ትንሽ ቢበልጥም የሕክምና ወጪ ተቀንሶ የሚታይበት አሠራር ስላለ ማመልከቻውን አይተዉት።

ማመልከቻው ያለፉትን 5 ዓመታት የገንዘብና የንብረት ዝውውር ይጠይቃል። የእኛ ሰው የሚቸገረው እዚህ ላይ ነው። እናት አዲስ አበባ ወይም ባሕር ዳር በስማቸው ቤት ይኖራቸዋል። የጡረታ ገንዘብ እዚያ ባንክ ይገባል። ወይም ባለፈው ዓመት ቤቱን ለታናሽ ወንድም አዙረዋል። "እዚያ ያለውን ማን ያየዋል?" የሚል ምክር ከየአቅጣጫው ይመጣል። አይስሙት። አለመናገር ማጭበርበር ነው፤ ሲታወቅ የተከፈለውን መልሱ ይባላል። ውጭ አገር ያለ ንብረት መነገር አለበት። ሊሸጥ የማይችል ከሆነ ወይም የጋራ ውርስ ከሆነ ውጤቱ ሊለይ ይችላል፤ ለዚህ ጠበቃ ያማክሩ። ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው በነጻ የሚረዳ ሊጋል ሰርቪስስ ኦፍ ኖርዘርን ቨርጂኒያ የሚባል ድርጅት አለ። እግረ መንገድዎን ታማሚው ከሞተ በኋላ ስቴቱ ከውርሱ ወጪውን ሊጠይቅ ስለሚችልበት ሁኔታም ይጠይቁ። ቀድሞ ማወቁ ይሻላል።

ፓስፖርት፣ ግሪን ካርድ ወይም የዜግነት ሰርተፊኬት፣ ሶሻል ሴኪዩሪቲ ካርድ፣ የባንክ ስቴትመንት፣ የኢንሹራንስ ካርዶችና የመድኃኒት ዝርዝር በአንድ ፎልደር ይሁኑ። እናትዎ አእምሯቸው ንጹሕ ሳለ የውክልና ሰነድ ያስፈርሙ። መርሳት ከበረታ በኋላ የሚቀረው የፍርድ ቤት መንገድ ነው፤ እሱ ውድም አድካሚም ነው።

ማመልከቻው ኮመን ሄልፕ በሚባለው የስቴቱ ድረ ገጽ፣ በካውንቲው ሶሻል ሰርቪስ ቢሮ ወይም በከቨር ቨርጂኒያ ስልክ 1-833-522-5582 ይገባል። "አማርኛ" ብቻ ይበሉ፤ አስተርጓሚ በነጻ ያገናኙዎታል።

ደረጃ 4፦ የግምገማው ቀን

የሚኖሩበትን ካውንቲ ወይም ከተማ ሶሻል ሰርቪስ ቢሮ ደውለው "ለሎንግ ተርም ኬር ስክሪኒንግ እንዲደረግልን እንፈልጋለን" ይበሉ። የደወሉበትን ቀንና ያነጋገሩትን ሰው ስም ይጻፉ። ግምገማው በ30 ቀን ውስጥ መካሄድ አለበት። አንድ ነርስና አንድ ሶሻል ወርከር ይመጣሉ። ወላጅዎ አሁን ሆስፒታል ተኝተው ከሆነ ሳይወጡ በፊት ለሆስፒታሉ ሶሻል ወርከር ይህንኑ ይንገሩ። እዚያው ሊሠራላቸው ስለሚችል የወር ጥበቃ ያተርፋል።

የሚጠየቁት ቀላል የሚመስሉ ነገሮች ናቸው፦ ገላ መታጠብ፣ መልበስ፣ መጸዳጃ ቤት መጠቀም፣ ከአልጋ ወደ ወንበር መዛወር፣ መብላት፣ ሽንትና ሰገራን መቆጣጠር። ከዚያ እንቅስቃሴ፣ የማስታወስ ሁኔታና የሕክምና ክትትል ይታያል። ለእያንዳንዱ ራሳቸውን ይችላሉ ወይስ ሰው ይረዳቸዋል ተብሎ ይመዘገባል። ዌቨሩ መፈቀዱና ስንት ሰዓት እርዳታ እንደሚገባቸው የሚወሰነው ከዚህ ተነስቶ ነው።

አሁን የእኛን ቤት ያስቡ። እንግዳ ይመጣል ተብሏል። ቤቱ ተጠርጓል። እናት ታጥበው፣ ነጠላ ለብሰው፣ ሶፋ ላይ ተቀምጠዋል። ነርሷ "እንዴት ነዎት?" ትላለች። "እግዚአብሔር ይመስገን፣ በጣም ደህና ነኝ።" "ራስዎ ነው የሚለብሱት?" "አዎ፣ ራሴ ነኝ።" እውነቱ ግን ጠዋት ልጅ አንድ ሰዓት ሙሉ ስታለብሳቸው ነበር። እናት የዋሹ አይመስላቸውም። ገበናን ለማያውቁት ሰው አለመዘርገፍ ጨዋነት ነው፤ ልጅን አላማርርም ማለታቸውም ነው። ነርሷ ደግሞ ያየችውንና የሰማችውን ብቻ ጽፋ ትሄዳለች። ከሳምንታት በኋላ "አያሟሉም" የሚል ደብዳቤ ይመጣል።

ይህ እንዳይሆን የሚከተለውን ያድርጉ።

ከግምገማው በፊት ለሁለት ሳምንት ማስታወሻ ይያዙ። ስንት ጊዜ ወደቁ? ሌሊት ስንት ጊዜ ተነሱ? ልብስና አንሶላ ስንቴ ተቀየረ? ምድጃ ለኩሰው ረስተዋል? ከቤት ወጥተው መንገድ ጠፍቷቸዋል? ቀንና ሰዓት ያስገቡ። "ብዙ ጊዜ ትወድቃለች" ከማለት ይልቅ "ማክሰኞ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ሽንት ቤት በር ላይ ወደቀች" የሚለው ክብደት አለው። (በሐበሻ ሰዓት ከጻፉ ሲያነቡላቸው ወደ ፈረንጅ ሰዓት ይቀይሩት።)

ዋዜማ ማታ እናትዎን ቁጭ ብለው ያነጋግሩ። "ስለ ራስዎ ብለው" ካሏቸው እምቢ ይላሉ። "ለእኔ ብለው እውነቱን ይንገሩልኝ፣ እኔ ደክሞኛል" ካሏቸው ግን ብዙ እናቶች ይሰማሉ። ለልጅ ሲባል የማይደረግ ነገር የለም። አጋንኑ አይበሏቸው። ያለውን ማለት በቂ ነው።

እርስዎ አያስተርጉሙ። ልጅ ስለ እናቱ ሰገራ በእናቱ ፊት ሲያስተረጉም ያለሳልሰዋል። የፌዴራል ገንዘብ የሚወስድ መሥሪያ ቤት አስተርጓሚ በነጻ የማቅረብ ግዴታ አለበት፤ በ1964ቱ የሲቪል መብቶች ህግ ላይ የተመሠረተ ነው። ቀጠሮ ሲይዙ አስቀድመው ይጠይቁ። ሴት አስተርጓሚ ትሻላለች ብለው ካሰቡ ያንንም ይንገሩ።

ሲጠየቁ የከፋውን ቀን ይግለጹ። "አንዳንዴ ራሷ ትለብሳለች" ካሉ፣ ሳትችል የምትቀርባቸው ቀናት በሳምንት ስንት እንደሆኑም ያስከትሉ። አጠገባቸው ቆሞ "አሁን እጅዎን ያስገቡ" እያሉ ማሳሰብም እርዳታ ነው። ገላ ሲታጠቡ እንዳይወድቁ በር ላይ መቆምም እርዳታ ነው። ይህን ሁሉ እንደ ሥራ ስለማንቆጥረው ሳንናገር ይቀራል።

በእናትዎ ፊት መናገር የሚያሳፍርዎ ነገር ካለ፣ ነርሷን "ለብቻ ላነጋግርሽ እችላለሁ?" ይበሏት። ኮሪደር ላይ አምስት ደቂቃ ይበቃል። የማስታወሻዎን ኮፒም ይስጧት።

ደረጃ 5፦ ማን ይቀጠር? ማን ይፈርም?

ዌቨሩ ከተፈቀደ ሁለት ምርጫ ይቀርባል። አንደኛው የሆም ኬር ኤጀንሲ ሠራተኛ እንዲልክ ነው። ሁለተኛው ቤተሰቡ ራሱ ሠራተኛ የሚመርጥበት ሲሆን ኮንሲዩመር ዳይሬክትድ ይሉታል። የቤተሰብ ሰው በቀጥታ ሊከፈለው የሚችለው በሁለተኛው ነው።

እዚህ ብዙዎችን የሚያሰናክል ደንብ አለ። አሠሪ ሆኖ ሰዓት የሚያጸድቀው ሰውና ደሞዝ የሚቀበለው ሰው አንድ ሊሆኑ አይችሉም። እናት ራሳቸው መፈረም ከቻሉ አሠሪዋ እሳቸው ናቸው። ካልቻሉ አንዱ ልጅ አሠሪ ይሆናል፣ ሌላው ይቀጠራል። ቅዳሜ "አይዞሽ" ብሎ የሚሄደው ወንድም ሥራው ይሄ ይሁን። ከስልኩ ሆኖ ሰዓት ማጽደቅ ይችላል።

ተቀጣሪው ከታማሚው ጋር አብሮ የሚኖር ከሆነ ሌላ ሠራተኛ ያልተገኘበትን ምክንያት በጽሑፍ ሊጠየቁ ይችላሉ። እናትዎ ከአማርኛ ሌላ የማይናገሩ ከሆነ ይህ ምክንያት ሊሆን ይችላልና በግልጽ ያስቀምጡት። የባል ወይም የሚስት ጉዳይና የትንሽ ልጅ ወላጅ ጉዳይ ተጨማሪ ደንብ አለው። ሰርቪስ ፋሲሊቴተር የምትባለው ባለሙያ ታስረዳዎታለች። ወረቀቱን አብራ የምትሞላውም እሷ ናት፤ ቀልጣፋ ካልሆነች ሌላ መጠየቅ ይችላሉ።

ባክግራውንድ ቼክ አለ። ሥራ ሲጀመርና ሲያልቅ በስልክ አፕ መመዝገብም አብዛኛውን ጊዜ ግዴታ ነው። ያልሠሩትን ሰዓት አንድም ቀን አይመዝግቡ። እናት ሆስፒታል ተኝተው የተሞላ ሰዓት ብዙ ሰው ላይ ክስ አምጥቷል።

ስለ ታክስ ደግሞ ብዙ ሰው የማያውቀው አለ። ከሚረዱት ሰው ጋር አንድ ቤት የሚኖሩ ከሆነ፣ በሜዲኬይድ ዌቨር የሚከፈልዎት ደሞዝ ከፌዴራል የገቢ ግብር ነጻ ሊሆን ይችላል። የፌዴራሉ ግብር መሥሪያ ቤት አይ አር ኤስ በ2014 ያወጣው ማስታወቂያ ቁጥር 2014-7 ይህን ይፈቅዳል። ደሞዝ ከሚከፍለው ድርጅት ቅጹን ጠይቀው ይሙሉ። ታክስ ለሚሠራልዎት ሰውም ቁጥሩን ይንገሩት። ከ2019 የታክስ ፍርድ ቤት ውሳኔ ወዲህ ይህ ገቢ ግብር ባይከፈልበትም ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ሠራተኞች ለሚሰጠው የግብር ድጎማ፣ ለኧርንድ ኢንከም ክሬዲት፣ ሊቆጠር ይችላል። ልጆች ላሉት ቤት ትንሽ ገንዘብ አይደለም።

ደረጃ 6፦ እፎይታውን ለይተው ይጠይቁ

በቨርጂኒያ ዌቨር ውስጥ ሬስፒት የሚባል የእፎይታ ሰዓት አለ። መጠኑ በዓመት እስከ 480 ሰዓት ነው። ዓመቱ የሚቆጠረው ከጁላይ 1 እስከ ጁን 30 ሲሆን ያልተጠቀሙበት ሰዓት ወደ ቀጣዩ ዓመት አይተላለፍም። በሳምንት ሲካፈል 9 ሰዓት ያህል ይመጣል። ወይም ተጠራቅሞ ለአንድ ረጅም ጉዞ ይውላል።

ልብ ይበሉ፤ ይህ ሰዓት የተሰጠው ሳይከፈለው ለሚረዳው ዋና ተንከባካቢ ነው። ደሞዙን እርስዎ ከወሰዱ ሬስፒቱ ለእርስዎ አይሰጥም። ስለዚህ ቤተሰቡ ቁጭ ብሎ ይወስን። የእኔ አስተያየት ግልጽ ነው። ውጭ ሙሉ ጊዜ የሚሠሩ ከሆነ የሆም ኬሩን ክፍያ ለእህትዎ ልጅ ወይም ለሚያምኗት ጎረቤት ይስጡ፤ እርስዎ እፎይታውን ይውሰዱ። ሥራ ትተው ቤት የዋሉ ከሆነ ግን ደሞዙ ይቅደም። ሌላ እህት ወይም ወንድም አብሮ እየኖረ ያለ ክፍያ የሚረዳ ከሆነ የእሱን እፎይታ ይጠይቁለት።

የአዋቂዎች ዴይ ኬርም በዌቨሩ ሊሸፈን ይችላል። በመጀመሪያ ቀን "ልጆቼ ጣሉኝ" የሚሉ እናቶች አሉ። በሳምንት አንድ ቀን፣ ግማሽ ቀን ይጀምሩ። ምሳና ጾም እንዴት እንደሚያዝ አስቀድመው ያነጋግሩ። ጾም ላይ ሥጋ የቀረበላቸው እናት ሁለተኛ አይመለሱም።

ሜዲኬይድ ካልተፈቀደ

5 ዓመቱ ላልሞላቸው ወይም ገቢያቸው ለሚያልፍ ወላጆች ኤርያ ኤጀንሲ ኦን ኤጂንግ የሚባል የአካባቢ የአረጋውያን ጉዳይ ቢሮ አለ። ፌርፋክስ፣ አርሊንግተንና አሌክሳንድሪያ የየራሳቸው አላቸው። በ2000 በተጀመረው የፌዴራል የቤተሰብ ተንከባካቢዎች ፕሮግራም ዕድሜው 60 ለሞላ ሰው ወይም በማንኛውም ዕድሜ የመርሳት በሽታ ላለበት ሰው የሚረዱ ቤተሰቦች ሥልጠና፣ ምክርና የተወሰነ እፎይታ ያገኛሉ። የገቢ ጣሪያ የለውም። ገንዘቡ ግን ውስን ስለሆነ ወረፋ ይኖራል፤ ዛሬውኑ ይመዝገቡ። ሌላ ስቴት ያላችሁ በ1-800-677-1116 ብትደውሉ የአካባቢያችሁን ቢሮ ይነግሯችኋል።

ታማሚው የመርሳት በሽታ ካለበትና መደበኛ ሜዲኬር ካለው፣ በጁላይ 2024 ስለተጀመረው ጋይድ ስለሚባለው ፕሮግራም ሐኪሙን ይጠይቁ። ለሚያሟሉ ሰዎች በዓመት እስከ 2,500 ዶላር የሚደርስ እፎይታ ይሸፍናል። ሜዲኬርን በግል ኢንሹራንስ ድርጅት በኩል በሚሰጠው ሜዲኬር አድቫንቴጅ ውስጥ ያሉ ግን አይገቡም። ጥርስና መነጽር ተብሎ ወላጆችን አድቫንቴጅ የሚያስፈርሙ ወኪሎች ይህን አይነግሩም። የአልዛይመርስ አሶሲዬሽን ስልክ 1-800-272-3900 ቀንና ሌሊት በአስተርጓሚ ይሠራል።

ሆስፒስ፣ ማለትም ለመዳን ሳይሆን ሕይወቱ ወደ ማብቃት ለተቃረበ ሕመምተኛ የሚሰጥ እንክብካቤ ውስጥ፣ የገባ ሰው ካለ ሜዲኬር በአንድ ጊዜ እስከ 5 ቀን የሚደርስ ማረፊያ ይሸፍናል። ታማሚው ተቋም ውስጥ ይቆያል፣ ቤተሰብ ይተኛል። ቤተሰቦች እምብዛም አይጠይቁትም። የሆስፒሷን ነርስ ይጠይቋት።

ሥራ ላይ ያሉ ከሆነ

50 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ባለው ድርጅት ዓመት ከሠሩና 1,250 ሰዓት ከሞሉ፣ በ1993ቱ የፌዴራል ህግ ወላጅን ለማስታመም በዓመት 12 ሳምንት ያለ ክፍያ ማረፍ ይችላሉ። ሥራዎ ይጠበቅልዎታል። አንዴ መውሰድ የለብዎትም። ለዲያሊሲስ ቀናት ብቻ ቆራርሰው መውሰድ ይቻላል። አማት ግን በዚህ ህግ አይካተቱም።

ዲሲ ውስጥ የሚሠሩ ከሆነ የተሻለ አለ። ቨርጂኒያ ቢኖሩም ወሳኙ የሥራ ቦታዎ ነው። የዲሲ የክፍያ ዕረፍት ቤተሰብ ለማስታመም እስከ 12 ሳምንት ይከፍላል፤ ደሞዙ ዝቅ ላለ ሰው እስከ 90 በመቶ ይደርሳል። ፓርኪንግና ሆቴል የሚሠሩ ወገኖቻችን ቀጣሪያቸው የሚከፍልበትን ይህን መብት ሳያውቁ ሥራ ይለቃሉ። ከመልቀቅዎ በፊት ያመልክቱ።

እምቢ ቢባሉ

ደብዳቤውን እስከ መጨረሻው ያንብቡ። ምክንያቱና የይግባኙ ቀነ ገደብ ተጽፏል። ለሜዲኬይድ ውሳኔ አብዛኛውን ጊዜ 30 ቀን ነው። ቀድሞ ይሰጥ የነበረ አገልግሎት ሊቀነስ ወይም ሊቋረጥ ከሆነ ደግሞ ፈጥነው ይግባኝ ካሉ እስኪወሰን ድረስ እንዲቀጥል መጠየቅ ይችላሉ። የሁለቱን ሳምንት ማስታወሻና የሐኪም ደብዳቤ ያያይዙ። የሐኪሙ ደብዳቤ "በሽተኛ ናት" ብቻ እንዳይል። "ያለ ሰው እርዳታ መታጠብም፣ ከአልጋ መነሳትም አትችልም" ይበል። ይግባኙን በፋክስ ወይም በሪኮመንዴ ይላኩ፤ ማረጋገጫውንም ከፎልደሩ ጋር ያስቀምጡ። ኤንቨሎፑንም አይጣሉ። ደብዳቤው መቼ እንደተላከ ክርክር ቢነሳ ማህተሙ ያስፈልግዎታል።